በቁም ሳጥኔ ውስጥ የከረመው የጨረቃ ድንጋይ

ልጄ ያንን የመስታወት ዕቃ ይዛ የመጣችው ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት ነው። ዕቃው ትንሽ ድስት ያህላል። ወፍራም ነው፤ የክዳኑ ዙሪያ ቫዝሊን የመሰለ ነገር ተቀብቶ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከሥሩ ሰማያዊ ፍሬዎች ተነጥፈዋል። ከፍሬዎቹ በላይ፣ ወንፊት በመሰለ ነገር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቆማለች። ልጄ ይህን ሁሉ በነጠላዋ ጠቅልላ በባጃጅ ነው ያመጣችው። ነጠላ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዕቃውን ሳይሆን ነጠላውን ነው።

"እማ፣ ይኼን ቁም ሳጥንሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ። ከቤቱ የሚቆለፍ የአንቺው ብቻ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"የላብራቶሪ ዕቃ።"

"ላብራቶሪው ቤት የለውም?"

"ጣሪያው ያፈሳል። እስኪጠገን ነው።"

"መምህርሽ ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ" አለች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች።

ልጄ ስትዋሽ ዓይኗን አትሰብርም፤ ሥራ ትይዛለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት። ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የለውም ነበር።

ጠርጣራ ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በር ቆልፌ አምስት እርምጃ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ዘይት ስገዛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አያለሁ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሰው በማላውቀው ነገር እንዳያታልለኝ በማውቀው ነገር ሁሉ እጠነቀቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በክር ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠርቻለሁ። ባሌ የደልጊ ሰው ነበር፤ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ፋሲሎ ባለችው ቤታችን የምንኖረው እኔና ልጄ ብቻ ነን። እሷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ሰው ምን ትማራለች ሲለኝ "ድንጋይ" እላለሁ። ይስቃሉ።

ድንጋይን በተመለከተ ግን እኔ አልስቅም። ታናሽ ወንድሜ ወጣት ሳለ አንድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ አደራ ብሎት ከወሎ ወደ አዲስ አበባ ሲወስድ ኬላ ላይ ተያዘ። ኦፓል የሚባል፣ ያለ ፈቃድ የማይዘዋወር የከበረ ድንጋይ ነበር። ወንድሜ ምን እንደተሸከመ እንኳ አያውቅም፤ ግን ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሳይ ፈትቼ ካላየሁ የማላልፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ቁልፉን ከአንገቴ አላወጣሁም።

"ምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አላስቀምጥም" አልኋት።

ተነፈሰች። ዕቃውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብልቃጧን በመስታወቱ ውስጥ አሳየችኝ። ብልቃጧ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስስ ግራጫ ቁራጭ ነበረች።

"የጨረቃ ድንጋይ ነው።"

"የምን?"

"የጨረቃ። ጨረቃ እማ፣ ይቺ የምናያት።"

"ማን ሄዶ አመጣው?"

"ማንም አልሄደም። ድሮ ሌላ ድንጋይ ጨረቃን ሲመታት ተፈናጥሮ እዚህ ምድር በረሃ ላይ ወደቀ። ሰዎች አገኙት። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ቆርጠው ለመምህሬ አዋሷቸው፤ እኔ እንድሠራበት። ይመለሳል።"

"በራሱ ወደቀ?"

"በራሱ።"

"የጨረቃ መሆኑን በምን አወቁ? ጽፎበታል?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በራሱ ወደቀ የሚባል ነገር ሁሉ ባለቤት እንዳለው ወንድሜ ከእስር ከወጣ በኋላ ነግሮኛል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡን እያዳመጥን ረጅም ሰዓት አስረዳችኝ። የምትፈልገው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። የሚጠጣ፣ የሚፈስ ውሃ አይደለም። ድንጋይ ሲቀልጥና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ክሪስታል የሚባል ፍሬ ያድጋል፤ ፍሬው ሲያድግ በዙሪያው ያለውን ውሃ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይዘጋበታል። "ማር ሲሰነብት ታችኛው ረግቶ ፍሬ ፍሬ ይሠራ የለ? እንደዚያ ነው" አለችኝ። እሷ ደግሞ ላብራቶሪ ባለው ምድጃ ዱቄት አቅልጣ፣ ቀናት ወስዳ ቀስ እያለች አቀዝቅዛ፣ የራሷን ክሪስታል ታሳድጋለች። የሰጠችውን ውሃ ልክ ስለምታውቅ የጨረቃውን ከራሷው ጋር ታስተያያለች።

ይህን እንኳ ገባኝ። በፈትል ክፍላችን ከጣሪያው በቱቦ ውሃ እንደ ጉም ይረጫል፤ አየሩ ከደረቀ ክር ይበጠሳል። ጥጥ በእጅህ ስትይዘው ደረቅ ነው፤ ግን መዝነው፣ በእሳት አድርቀው ደግመው ሲመዝኑት ክብደቱ ይቀንሳል። ውስጡ ውሃ ነበረ ማለት ነው። ድንጋይም እንዲያው ከሆነ ይሁን አልሁ በልቤ።

"ለዚህ ነው ደረቅ የሚፈልገው" አለች። "ሰማያዊዎቹ ፍሬዎች የአየሩን እርጥበት ይጠጡለታል። እርጥበት ሲበዛባቸው ወደ ሮዝ ይለወጣሉ። እማ፣ አትክፈቺው። ውሃ እንዳይነካው። ይኼ ቁራጭ ከተበላሸ ሁለተኛ አይሰጡኝም፤ ትምህርቴ በሙሉ እሱ ላይ ነው።"

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ከጋቢዎቹ ኋላ አስቀመጥሁላት። ስቆልፍ፣

"ደግሞ ለማንም አትንገሪ" አለችኝ።

ይቺን ባትጨምር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከልጄ ላይ አላነሣሁም። ስልክ ስታወራ በር ላይ ቆሜ አዳምጥ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ "ግራም" የሚለውን ግን ሰማሁ። ሁለቴ ሰማሁት። ቦርሳዋ ውስጥ ነጭ ዱቄት ያለበት ትንሽ ፌስታል አገኘሁ፤ አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። የሚሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሽታ የሌለው ዱቄት ምን እንደሆነ በቴሌቪዥን አይቻለሁ።

ጎረቤቴ ከወረታ የመጡ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ረመዳን ሲሆን ሳምቡሳ ትልክልኛለች፤ ፋሲካ ሲሆን እኔ ዳቦ እልክላታለሁ። የሆዴን ሳልነግራት፣

"በግራም የሚመዘን ምን ምን አለ?" አልኋት።

"ወርቅ። ዛፍራን የሚባለው ቅመም። ምነው፣ ንግድ ልትገቢ ነው?"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ፖሊስ የሚያውቀው ነው" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች። "ስለ ልጅሽ ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?"

"የጨረቃ ድንጋይ ነው ትላለች" አልሁ፤ አመለጠኝ።

"እኛ ከሱዳን ጨርቅ ማስመጣት አቅቶናል፤ እነሱ ከጨረቃ ድንጋይ ያስመጣሉ?" አለች። "በይ ግቢና ደህና አድርገሽ ጠይቂያት። ልጅሽን ከእኔ አትጠይቂ።"

ልክ ነበረች። እኔ ግን ደግሜ አልጠየቅሁም። ብጠይቃት ደግሞ ሥራ ይዛ ትመልስልኛለች ብዬ ፈራሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ፍሬዎቹ ዳር ዳሩን ወደ ሮዝ ሄዱ። ልጄ ስታያቸው "የባሕር ዳር ክረምት እንዲህ ነው" ብላ ብልቃጧን አውጥታ ሌላ ፕላስቲክ ውስጥ አሸገቻትና ፍሬዎቹን መጥበሻ ላይ አደረገቻቸው። መብራት ስላልነበረ ከሰል አያያዝሁላት። በቀስታ እያማሰለች አሞቀቻቸው። ዓይኔ እያየ ሮዙ ጠፍቶ ሰማያዊ ሆኑ። ቡና የሚቆላ ሰው ጥቁረቱን እንደሚጠብቅ እሷ ሰማያዊነቱን ጠበቀች። ቆሜ ሁሉንም አየሁ፤ ስንት ጊዜ እንደምታማስል፣ መቼ እንደምታወርድ፣ ክዳኑን እንዴት እያንሸራተተች እንደምትዘጋ። ያየሁትን ነገር አልረሳም። ያኔ ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ጀመረ። ልጄ በእነዚያ ቀናት ከላብራቶሪው ምድጃ ጋር ትግል ላይ ነበረች። ክሪስታሉ የሚያድገው ሙቀቱ በጣም ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው። መብራት በመካከል ሲቋረጥ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዝና ፍሬው ደቃቅ፣ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ተበላሸባት። ከሳች። አንድ ቀን ክንዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ይዛ መጣች። "ምድጃው ነካኝ" አለች፤ እጅጌዋን እየጎተተች። እኔ ቃጠሎውን አይደለም ያየሁት። እጅጌዋን መጎተቷን ነው።

ያ ነገር ወደ ቤቴ ከገባ ወዲህ ልጄ አልተኛችም፣ አልበላችም፣ ዋሸች፣ ተቃጠለች። ከሰማይ ወድቋል ይባላል። ከሰማይ የወደቀ ማን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። ፖሊስ የሚፈልገው ነገር ከሆነ ፖሊስ ይምጣ፤ ሌላ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እቤቴ አለ ብዬ አሰብሁ።

ፍልሰታን ሁልጊዜ ከሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል በትንሽ ጀሪካን አመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቤቱን እረጫለሁ፤ አልጋዎቹን፣ በሩን፣ ማዕዘኖቹን። በሱባዔው አጋማሽ ላይ፣ ልጄ ከወጣች በኋላ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትሁ። ክዳኑን እንደ እሷ አንሸራትቼ ከፈትሁት። ብልቃጧን ከፍቼ ቁራጯን መዳፌ ላይ ገለበጥኋት። ቀላል ናት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። በሥላሴ ስም ብዬ በጀሪካኑ ክዳን አንድ ሙሉ ጠበል አፈሰስሁባት። ክረምት ስለሆነ ጠበሉ ጥቂት ደፍርሶ ነበር። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ አደረቅኋትና መለስኋት።

ውሃ እንዳይነካው ብላኛለች። ሰምቻለሁ፤ አልረሳሁም። ግን በእውነቱ እናገራለሁ፣ ጠበል ውሃ ነው ብዬ አላሰብሁም። በሕይወቴ እንዲያ አስቤ አላውቅም። ውሃ ከቧንቧ የሚመጣው ነው፣ ጣና ነው፣ ዝናብ ነው። ጠበል ጠበል ነው።

ሰማያዊዎቹ ፍሬዎች ግን እንደ እኔ አላሰቡም። ከደንሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ባየው ከሥሩ ሮዝ ሆኗል። ነጠላዬ ያልደረሰበት እርጥበት ነበረ፤ መዳፌም እርጥብ ነበረች። በመጀመሪያ የመሰለኝ ግን ያ አይደለም። በድንጋዩ ላይ ያደረው ነገር ጠበሉን ሲያገኝ ቀለም ለወጠ፣ ታወቀበት ብዬ ደነገጥሁ። ቁጭ ብዬ አማተብሁ። ቆይቶ ነው ልጄ የነገረችኝ ትዝ ያለኝ፤ ሮዝ ማለት እርጥበት ማለት ነው።

ያኔ የሠራሁትን ልናገር። ከሰል አያያዝሁ። መጥበሻውን ጣድሁ። ፍሬዎቹን ልክ እንደ እሷ እያማሰልሁ ሰማያዊ እስኪሆኑ አሞቅሁና መለስኋቸው። ቫዝሊኑን በጣቴ አስተካከልሁ። ጋቢዎቹን እንደነበሩ አጠፍሁ። ስትመጣ ምንም አላወቀችም።

ከሳምንት በኋላ የጣሪያው ጥገና አልቆ ዕቃዋን ወሰደች። ቤቴ የቀለለ መሰለኝ። ልጄም እንቅልፍ ተኛች፤ እኔም የረዳኋት መሰለኝ።

ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት፣ አርብ ዕለት፣ ልጄ ከሰዓት በኋላ በጊዜ መጣች። ስትስቅ ከበር ጀምሮ ነው የሰማኋት። ከመንገድ የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ ነበር፤ ትኩሱን ለሁለት ሰብራ ሰጠችኝ።

"ውሃ አለው እማ" አለችኝ። "ድንጋዩ ውሃ አለው። የማይታመን ነው።"

ላብራቶሪ ባለ መሣሪያ ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ ታሳልፋለች፤ ውሃ ካለ ከብርሃኑ የተወሰነውን ይይዝባታል። የተያዘባት እሷ ካነበበችው ሁሉ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቴም ያው ነው። መምህሯ ከሐምሌ ጀምሮ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ሰኞ ይመለሳሉ። ሰኞ ታሳያቸዋለች። ከዚያ ድንጋዩን ላዋሷቸው ሰዎች በቪዲዮ ትናገራለች፤ በእንግሊዝኛ፣ በሰው ፊት። ምን እንደምትለብስ ጠየቀችኝ።

በቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል" አልሁና ተነሥቼ ሰሃን ማጠብ ጀመርሁ። ንጹሕ ሰሃን ነበር።

ቅዳሜን እንዲያው ዋልሁ። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ መስታወት ፊት ቆማ በእንግሊዝኛ ትለማመዳለች። እጇን ታንቀሳቅሳለች፤ ፈገግ ትላለች። በሰው ፊት በሐሰት ቁጥር ፈገግ ስትል ታየኝ። ከዚያ አንዱ ፈረንጅ ይህ ውሃ ከየት መጣ ሲላት፣ መልስ ሲያጥራት ታየኝ።

"ልጄ፣ ያ ውሃ የእኔ ነው" አልሁ።

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"የምን የአንቺ?"

ነገርኋት። ጠበሉን፣ መዳፌን፣ ነጠላዬን፣ መጥበሻውን። አልጮኸችም። አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ስንት?"

"አንድ ክዳን።"

"የምን ክዳን?"

"የጀሪካን።"

"በየትኛው ቀን?"

ደብተር አውጥታ እንደ ፖሊስ ትጽፍ ጀመር። ጥያቄዋ ሲያልቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"መምህሬ ቁራጩ እቤት እንደነበረ አያውቁም።"

"ያውቃሉ ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሸሁሽ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ቢሰሙ ቁራጩን ወዲያው ይመልሱት ነበር። እኔ ሳልሠራበት።" ደብተሩን ዘጋችው። "ጠበሉን ከነገርኋቸው እቤት ማምጣቴንም መንገር አለብኝ። ከዚያ ያባርሩኛል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ዝም ብንልስ እማ?"

በዚህ ሁሉ ሳምንት ልጄ መጥፎ ነገር እንዳታደርግ ስጠብቅ ነበር። ይኸው መጣ፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ዝም እንበል ብል ዝም ትል ነበር። ያን ያህል ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ፤ ልጄ ከዚህ ሌላ የምትሆነው ነገር የላትም።

"አይሆንም" አልሁ። "ዝም ብትዪ ሁልጊዜ ስልክ ሲጮህ ትደነግጫለሽ። እኔ አውቀዋለሁ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሰኞ በባጃጅ ሄድን። ጠበሉ ይታይ ይሆናል ብዬ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ቦርሳዬን ሲፈትሽ "ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ። ጠበል ነው ስለው ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን እንዳስነካው ጠየቀኝ። አስነካሁት። ልጄ ወደ ሌላ በኩል ዞረች።

መምህሩ ሸበት ያሉ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። "ይቀመጡ እናቴ" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ለስላሳ ሰው አላምንም፤ ቁጣው የት እንዳለ አይታወቅም። ልጄ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ እኔ ከመጀመሬ በፊት። ነጠላውን፣ ባጃጁን፣ ቁም ሳጥኑን። ስለ እኔ ስትደርስ "እናቴ ሳታውቅ ነው" አለች።

"አውቄ ነው" አልሁ። "ውሃ እንዳይነካው ብላኛለች። ጠበል ውሃ አልመሰለኝም።"

መምህሩ ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ቁራጯን በወረንጦ አውጥተው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉ። ብዙ ካዩ በኋላ ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። ግራጫ ሜዳ ይመስላል፤ በመካከሉ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ ነገር ተሰክቷል።

"ያ ቀዩ ሸክላ አፈር ነው" አሉኝ። "ከእርስዎ ጠበል ጋር የገባ። ሸክላ ውሃ አይለቅም፤ ብናሞቀውም ይይዛል። ልጅዎ የለካችው እሱን ነው።" ወደ ልጄ ዞሩ። "ከመለካትሽ በፊት በማይክሮስኮፕ አላየሽውም?"

"አላየሁም" አለች። "ቸኩዬ ነበር።"

"ያመጡት ጠበል ካለ ይስጡኝ" አሉኝ እኔን።

ጠርሙሱን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። "ጠበሉን ሊመረምሩት ነው?"

"የለም እናቴ፣ ጠበሉን መርምሬ ምን ልል? ውጭ ያለ መሣሪያ የምድርን ውሃና የጨረቃን ውሃ ይለያል። የትኛው የእርስዎ እንደሆነ እንዲያውቁት አብሬ ልልክላቸው ነው።"

እዚያ ሲደርስ ይስቁበት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ግማሹን ራሴ ቀዳሁላቸው። "የሚተርፈውን ሰው በማይረግጠው ቦታ ያፍስሱት" አልሁ። "እጽፍላቸዋለሁ" አሉ። የጻፉ አልመሰለኝም፤ ልጄ ግን ደብዳቤውን አይታለች፣ ጽፈዋል።

ከዚያ ቁጣቸው የት እንዳለ ታየ። ድምፃቸውን ሳይለውጡ ልጄን "ቁልፉን" አሏት። የላብራቶሪውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጠበል ያፈሰሱት እናትሽ ናቸው" አሏት። "ከዚህ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።"

"ጣሪያው ያፈስ ነበር።"

"ስልክ ነበረኝ።"

ድንጋዩን ያዋሷቸው ሰዎች መልስ እስኪሰጡ ድረስ ላብራቶሪ አትገባም ተባለ።

በእግራችን ተመለስን፤ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ አረም ነፋስ ወደ ዳር ገፍቶት ውሃው አረንጓዴ ሜዳ መስሏል። ልጄ ከፊቴ ከፊቴ ስትሄድ ቆየችና ቆመች።

"ምን መስሎሽ ነበር?"

"ምኑ?"

"ዕቃው። ምን ነው ብለሽ ነው?"

ነገርኋት። መጀመሪያ ኦፓል፣ ከዚያ በፌስታል ያለው ዱቄት፣ መጨረሻ ላይ ያልጠራሁት ነገር።

"ዱቄቱ ክሪስታል የማሳድግበት ነው" አለች። "ሐሺሽ መስሎሽ ነበር? እኔን?" ልትስቅ ስትል ድምፁ ሌላ ሆነባት። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ለምን ዋሸሽኝ ታዲያ? መምህሬ አያውቁም ብትይኝ ኖሮ።"

"ብነግርሽ ታስቀምጪልኝ ነበር?"

አላስቀምጥላትም ነበር። ሁለታችንም እናውቀዋለን። እስከ ቤት ጎን ለጎን ሄድን።

መልሱ ለመምጣት ከስድስት ሳምንት በላይ ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ልጄ እቤት ቁጭ ብላ ታነባለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን መጥታ "እስረኛሽ እንዴት ነች?" አለችኝ። ልጄ ከውስጥ ሰምታ "ጠባቂዋን ጠይቂያት" አለች። ጎረቤቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ እውነት ነበረ። እኔ ከቤት ስወጣ እንኳ ስልኳን የት እንዳስቀመጠች አይቼ ነበር የምወጣው። ልማድ ነው። አንድ ጠዋት ይህን ስታደርጊ አየሁሽ ብላ ስልኳን ራሷ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አፈርሁ። ጠረጴዛው ላይ መለስሁት። ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ወይም በጣም ጥቂት ነው ያየሁት።

ሰዎቹ የጻፉት ረጅም አይደለም። ቁራጩ ይመለስ አሉ፤ ከነጠበሉ፣ ከነሰማያዊ ፍሬዎቹ። እውነቱ ስለተነገራቸው አመሰገኑ። ሁለተኛ ቁራጭ ግን ለአሁኑ አንልክም አሉ። ልጄ አልተባረረችም። ቁልፏ ኅዳር ላይ ተመለሰላት። ትምህርቷ ግን ሌላ ሆነ፤ የጨረቃው ወጥቶ ራሷ የምታሳድጋቸው ክሪስታሎች ብቻ ቀሩ። አንድ ዓመት ይጨምርባታል። ይህን ስትነግረኝ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር፤ ያልወቀሰችኝ ከልቧ ይሁን ለእኔ አዝና አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት መብራት አምስት ቀን ሳይቋረጥ ቆይቶላት አንድ ጥሩ ክሪስታል አደገላት። የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። በስልኳ አጉልታ አንሥታ አሳየችኝ፤ ጠርዞቿ በቢላ የተቆረጡ ይመስላሉ። አሪፍ ናት አልኋት፤ እሷ እንደምትለው።

"ለመሆኑ ጨረቃ ላይ ውሃ አለ ወይስ የለም?" አልኋት። "የእኛው እንደሆነ ተበላሽቷል።"

"አለ" አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። "በጣም ጥቂት፣ በክሪስታሎቹ ውስጥ። ሌሎች ለክተውታል።"

"የነሱ ቁጥር በምን ይታመናል?"

"እንዴት በምን? ትልልቅ ላብራቶሪዎች ናቸው እማ።"

"ይሁኑ" አልሁ። "እናት የላቸውም?"